መሲንቆና ቤዝ ጊታር በአንድ መድረክ፦ ባንድ ማቋቋም ለምታስቡ ከባሕር ዳር

«ባህላዊ መሣሪያን ከዘመናዊ ጋር አዋህደን መጫወት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» ይህን ጥያቄ ከደብረ ማርቆስም፣ ከጎንደርም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ካሉ ተማሪዎችም እሰማለሁ። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ስቱዲዮ የላቸውም። ከጀርባቸው የቆመ ፕሮዲውሰርም የለም። እኛም እንደነሱ ነን። ባሕር ዳር የምንኖር ትንሽ ባንድ ነን። መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ድራምና ቤዝ ጊታር አለን። ቤዙን የምጫወተው እኔ ነኝ። አሳታሚ የለንም። ገመድ የምንገዛውም፣ ሞንታርቦ የምንከራየውም ከራሳችን ኪስ ነው። እዚህ የምጽፈው ለኛ የሠራልንን ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዘመናዊው መሣሪያ ወደ ባህላዊው ይምጣ እንጂ ባህላዊው ወደ ዘመናዊው አይጎተት። ብዙ ቦታ የምሰማው ተቃራኒውን ነው። መሲንቆው መግቢያ ላይ ትንሽ ይጫወታል፣ ከዚያ ኪቦርዱ ይረከበዋል፣ እስከ መጨረሻውም መሲንቆው አይሰማም። ልብሱ የባህል ነው፤ ሙዚቃው ግን የባህሉን ለዛ አልያዘም። የባሕር ዳር አድማጭ ደግሞ አዝማሪ እየሰማ ያደገ ነው። መሲንቆ ለጌጥ የቆመ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ማዋሃዱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኛን ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማዎቻችን የሚሠሩባቸውን የድምፅ ስብስቦች፣ ከጃዝ ጋር አገናኝቶ ኢትዮ-ጃዝን መሠረተ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን ተጫወተ። ጌታቸውን ደጋግማችሁ ስሙት። ሳክስፎኑ እንደ ፎካሪ ይተነፍሳል። ፎካሪው በሚጮህበት ይጮኻል፣ ፎካሪው ትንፋሽ በሚወስድበት ዝም ይላል። የውጭው መሣሪያ የኛን አነጋገር ተማረ ማለት ነው። እኛም የምንከተለው ይህንን መንገድ ነው።

መሲንቆ ተጫዋቻችን ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከሁላችንም ስለሚበልጥ ጋሼ ነው የምንላቸው። ኖታ አያነቡም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅም። ልምምድ ስንጀምር «ጋሼ፣ በየትኛው ድምፅ ይሁንልዎት?» አልኳቸው። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ዝም ብለህ ስማኝ» አሉኝ። ሰማኋቸው። መሲንቆውን የሚቃኙት በጉሮሯቸው ልክ ነው። ድምፃቸው በተመቸው ቦታ ጭራውን ይወጥሩታል፣ ወይም ያላሉታል። አዝማሪ ብቻውን ሲጫወት ይህ ምንም ችግር የለውም። ባንድ ሲሆን ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ መስማማት አለበት። ማን ማንን ይከተል የሚለው እዚህ ላይ ይነሳል።

መልሱን የሰጠን ዋሽንቱ ነው። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላ አይቃኝም። ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊዎች ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት። ክራር አውታሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። ቤዝ ጊታርም እንደዚያው። መሲንቆ ደግሞ ጭራው አንድ ብቻ ነው። ጣት ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ስለዚህ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ያወጣል። ከሁሉ የማይንቀሳቀሰው ዋሽንቱ፣ ከሁሉ ነፃ የሆነው መሲንቆው ነው ማለት ነው። እኛ መጀመሪያ ለጋሼ ጉሮሮ የሚቀርበውን ዋሽንት እንመርጣለን። ነፊው ጥቂት ነፍቶ ያሞቀዋል፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ዋሽንት ድምፁ ዝቅ ይላል። ከዚያ ክራሩ በዋሽንቱ ይቃኛል፣ ቀጥሎ ቤዙ፣ በመጨረሻ መሲንቆው። ስልክ ላይ የሚጫን የመቃኛ አፕ መነሻውን ድምፅ ለማግኘት ይጠቅማል። ከመነሻው በኋላ ግን ጆሯችሁን እመኑ። አፑ የሚያውቀው የፒያኖን ልክ ነው፤ የኛ ቅኝቶች፣ በተለይ አንቺሆዬ፣ በዚያ ልክ ሁልጊዜ አይቀመጡም።

አሁን ስለ ቅኝት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አራቱም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ክራራችን ባለ ስድስት አውታር ነው፤ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው አንዱን በኦክታቭ፣ ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ ወይም በወፍራሙ፣ ይደግማል። ይህ ማለት ቅኝት በቀየራችሁ ቁጥር ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት። መድረክ ላይ ሰው እየጠበቀ አውታር ማጠባበቅ ደግሞ ምሽቱን ያቀዘቅዘዋል። መፍትሔው የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ሬን ግማሽ ድምፅ አውርዱ፣ የወረደውን ሚ ደግሞ ወደ ፋ አውጡት፤ አምባሰል መጣላችሁ። ከአምባሰል ላይ ሶልን ግማሽ ድምፅ አውርዳችሁ ላን ወደ ድሮ ቦታው ብትመልሱት አንቺሆዬ ነው። በእያንዳንዱ ሽግግር የሚነካው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ጋሼ አንድ ሁለት ስንኝ በመሲንቆ ብቻ እስኪያንጎራጉሩ ድረስ ክራሩ ተቃኝቶ ይጠብቃል። አድማጩ የሚያየው ጨዋታ እንጂ ማስተካከል አይደለም። ባቲን በሁለተኛ ክራር ነው የምንይዘው። ሁለተኛ ክራር ከሌላችሁ ባቲን ከዕረፍት በኋላ አድርጉት።

ለቤዝ ተጫዋቾች ለብቻ የምናገረው አለኝ። እጃችን መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን እየመታ የለመደ ነው፤ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል። በትዝታም በአምባሰልም ያስኬዳል። አንቺሆዬ ላይ ግን ያ ሶል የለም፤ ግማሽ ድምፅ ወርዷል። ሶልን ከመታችሁ መሲንቆውን ትጋጩታላችሁ። እኔ አንቺሆዬ ላይ መነሻውን ብቻ ይዤ እቆያለሁ። አንዳንዴ ሙሉ ስንኝ በአንድ ድምፅ ብቻ ይሄዳል። ጊታር ለተማረ ሰው ይህ ባዶ ይመስለዋል። ከመድረክ ወርዳችሁ ስትሰሙት ግን መሲንቆው ሰፊ ቦታ አግኝቶ ይሰማል።

ኪቦርድ ለምን የላችሁም የሚለን ብዙ ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው። ኮርድ ማለት ብዙ ድምፅ አንድ ላይ መምታት ነው፤ ትዝታ ሜጀር ላይ የሶልን ኮርድ ብትመቱ ሲ ይገባል። ሲ ደግሞ በቅኝቱ ውስጥ የለም። አንድ እንግዳ ድምፅ በገባ ቁጥር ቅኝቱ ይደበዝዛል። ኪቦርድ ካላችሁ ኮርዱን ትታችሁ ዜማውን ብቻ በአንድ ጣት ተከተሉ፣ ወይም መነሻውን ድምፅ ያዙ። እንደ ሙላቱ ያለ እውቀት ያለው ሰው ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ለጀማሪ ባንድ ግን ይህ ይበቃል፤ ደግሞም ያምራል።

ምት ላይ ብዙ ጊዜ ወስደናል፤ መውሰዱም ተገቢ ነው። የኛ ዘፈኖች አብዛኞቹ ሙዚቀኞች ችክችካ በሚሉት በስድስት ስምንተኛ ምት ይሄዳሉ። እጅ ሲያጨበጭብ ሁለት ይቆጥራል፤ በውስጡ ግን ሦስት ሦስት አለ። በውጭ ሙዚቃ የተማረ ድራመር መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም መሙላት ነው። ሃይሃቱም፣ ስኔሩም፣ ሲምባሉም፣ የድራሙ ክፍል ሁሉ ይናገራል፤ ከበሮው ይዋጣል። ድራመራችን ጎበዝ ልጅ ነው። ከበሮ መቺያችንን ቁጭ ብሎ ሰማት። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ኪኩን፣ በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም፣ ከሰፊው ፊት ጋር አብሮ እንዲመታ አደረገው፣ ጠባቡን ፊት ሙሉ በሙሉ ለሷ ተወላት፣ ሃይሃቱን ከመድረክ አወረደው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ሆኑ። ምቱ መያዙን ለማወቅ እኛ የምናየው ትከሻ ነው። ጎጃም ውስጥ ትከሻ ካልተነቀነቀ ምቱ ገና ነው።

ፉከራና ሽለላ ሲመጣ ደግሞ ምቱ ይቁም። ፎካሪውን በድራም አትቁጠሩት። እኔ ቤዙን ከሥር ይዤ እቆያለሁ፣ ድራመሩ እጁን ያሳርፋል፣ ፎካሪው እንዳሻው ይሄዳል። ሲጨርስ ከበሮው ብቻውን ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። ይህ ቦታ ሁልጊዜ ሰዉን ከወንበሩ ያስነሳዋል።

ባሕር ዳር መብራት ይጠፋል። ልምምዳችን ሽምብጥ አካባቢ በአንዱ ልጅ ግቢ ውስጥ ነው፣ ጀነሬተርም የለንም። እንደ ደንብ የያዝነው ግን መብራት ቢኖርም አዲስ ዘፈን ያለ ኤሌክትሪክ መጀመርን ነው። ቤዙ ያለ አምፕ (ያለ ድምፅ ማጉያ) ስለማይሰማ እኔ በአፌ አዜማለሁ። ዘፈኑ በመሲንቆ፣ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ካልቆመ አምፕ ተጨምሮበትም አይቆምም። ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ። ጎረቤትም በዚህ ይደሰታል። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ ግን ጨርሶ አንለማመድም፤ ሠፈር ውስጥ ስትሠሩ ሠፈሩን ማክበር ግድ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። አዝማሪ ቤት ስትገቡ አድማጩ ዝም ብሎ አይሰማም። «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ወይ ያሞግሳል፣ ወይ ይወጋል፣ ወይ ሰምና ወርቅ ያስገባበታል። ባንድ ስንሆን መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው። ቅንብሩ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ስንት ዙር እንደሚሄድ ሁሉም በቃሉ ይዟል። አድማጩ የሚገባበት በር የለም። እኛ በእያንዳንዱ ምሽት ቢያንስ ሁለት ዘፈን ላይ በሩን ክፍት እንተዋለን። ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ደጋኑን እንደያዘ ከፍ ሲያደርጉ ሁላችንም ድምፃችንን እናወርዳለን። ከበሮና ቤዝ ብቻ ይቀራሉ። ጋሼ ወደ ሰዉ ይጠጋሉ። አንድ ምሽት ጣና ዳር ስንጫወት ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

ደንገሉ ሳይታጨድ ታንኳ ሳይሠራበት፣
ልቤ ተሻገረ አንቺ ካለሽበት።

ጋሼ ተቀበሉት። ሁለቴ መለሱት፤ በሦስተኛው ላይ ሰዉ ሁሉ አብሯቸው ይል ነበር። ከቅንብራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመጣ አንድም ቦታ በወረቀት ሊጻፍ አይችልም። ቦታውን መተው ግን ይቻላል። ምልክቱን ተስማሙበት፣ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚወጣ ተለማመዱ፣ ከዚያ ስንት ዙር ይሂድ የሚለውን ለመሲንቆው ተዉት።

የድምፅ ነገር ላይ ሁለት ሦስት ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። ሳውንድ ቼክ፣ ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ማስተካከሉ፣ የሚጀመረው ከድራም ነው ይላሉ። እኛ ከመሲንቆና ከዋሽንት እንጀምራለን፣ ምክንያቱም ድምፃቸው ትንሽ የሆነው እነሱ ናቸው። እነሱ ሳይጮኹ ጥርት ብለው የሚሰሙበትን ልክ አግኙ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ይስተካከል። ድራምን አስቀድማችሁ ከፍ ካደረጋችሁት መሲንቆውን ለማድረስ ስትሞክሩ ማይኩ ያፏጫል። ማይኩን ከመሲንቆው ቆዳ ፊት ለፊት፣ ከደጋኑ መንገድ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት። ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ፒክአፕ የሚባል ትንሽ ድምፅ መቀበያ አለ፤ ጩኸት ባለበት ትልቅ መድረክ ይረዳል፣ ድምፁ ግን ይደርቃል። ጋሼን ከሞንታርቦው ፊት አታቁሟቸው።

ሐይቁ ዳር ለምትጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር። ከሰዓት በኋላ ከጣና ነፋስ ይነሣል። ዋሽንት በከንፈር ጫፍ የሚነፋ ስለሆነ ያ ነፋስ ትንፋሹን ይበትነዋል፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ይወጣል። ነፊው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ይቁም፣ ማይኩም ስፖንጅ ይልበስ። መድረኩን የሚሠሩት ሰዎች ለፎቶ እንዲያምር ሐይቁን ከኋላ ማድረግ ይወዳሉ፤ ለኛም በዚህ ረገድ ይመቸናል።

ክረምት ላይ ቆዳ ይረጥባል። ከበሮው ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ የመሲንቆውም ቆዳ እንዲሁ። ከበሮ መቺያችን ከመድረክ በፊት ከሰል ምድጃ አጠገብ ራቅ አድርጋ ታሞቀዋለች። እጇን በቆዳውና በእሳቱ መካከል ታደርጋለች፤ እጇ ካልቻለው ቆዳውም አይችለውም። በጣቷ እየነካች ትሰማለች፣ ድምፁ ሲጠራ ታነሣዋለች። በየመሀሉ ደግሞ እንደገና። ከሰል የሌለበት ሆቴል ካለ ቡና የምታፈላውን ልጅ ጠይቁ፤ እምቢ ብላን አታውቅም።

በገናን አንጠቀምም። ለመንፈሳዊ የሚደረደር መሣሪያ ነው፤ መጠጥ ያለበት ቤት ይዘነው አንገባም። የሚያስገቡ አሉ፤ የኛ ውሳኔ ግን ይህ ነው።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ሥራው ወቅት አለው። ጥር ከጥምቀት ጀምሮ ሠርጉም በዓሉም ይደራረባል፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። በመሀል ያለው ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ ሠርግም ጭፈራም የለም። በጥር ያገኛችሁትን በጥር አትጨርሱ። ሠርግ ስትይዙ ቀብድ ተቀበሉ፣ ሰዓቱንና ትራንስፖርቱን በጽሑፍ አድርጉት፣ ዘመድ ቢሆንም። ሽልማት ላይም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብር የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው፤ ከኋላ ቁጭ ያለው ድራመር አይደርሰውም። እኛ ሁሉንም በአንድ ሣጥን እንሰበስብና እኩል እንካፈላለን፤ ከማካፈላችን በፊት ለአውታር፣ ለገመድና ለጥገና ድርሻ እናስቀራለን። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ይህንን ያመጡት፤ ከሁሉም በላይ የሚሸለሙት እሳቸው ሆነው ሳለ።

ሰዓት እላፊ በነበረባቸው ወራት የምሽት ሥራ ቆሞ ነበር። ወደ ከሰዓት አዛወርነው፤ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መምጣት ጀመረ፣ ዛሬም አልተውነውም። ሞባይል ዳታ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ደግሞ ቀረጻችንን በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ነበር የምንሰጠው። ባጃጅ ነጂዎች ናቸው ከተማውን ያዳረሱልን። ዩቲዩብና ቲክቶክ ጥሩ ናቸው፤ የከተማችሁን ባጃጅ ግን አትርሱ።

ቀረጻ ላይ ምክሬ ቀላል ነው። ውድ ስቱዲዮ እስክታገኙ አትጠብቁ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ሁለት ጥሩ ማይክ ይበቃል። ሁሉም አብሮ ይጫወት፤ መሲንቆን ለብቻ ቀድታችሁ በኋላ ስትጨምሩት ያ መመላለስ ይጠፋል። የቀዳችሁበትን ቀንና የአቀናባሪውን ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና በተጨባጭ ከተቀረጸ ያለ ምዝገባም ጥበቃ ያገኛል። ክርክር ሲመጣ ግን ማስረጃው የእናንተ ነው።

የሕዝብ ዘፈን ስትወስዱ ሌላ ጥንቃቄ አለ። እኛ ከዘጌም፣ ከደራም፣ ከይልማና ዴንሳም ዜማ ሰብስበናል። እናቶች ወፍጮ ላይ የሚሉት፣ የአጨዳ፣ የሠርግ። ስትሄዱ ስልካችሁን አውጥታችሁ መቅዳት አትጀምሩ። ቁጭ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ እናንተም አንድ ዘፈን ዝፈኑላቸው። ከዚያ «እማማ፣ ልቅዳዎት?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ለሰጧችሁ ጊዜ ክፈሉ። ዜማውን የማንም አታድርጉት፤ ከየት አካባቢ እንደሰማችሁት መድረክ ላይ ተናገሩ። ተቀናብሮ ሲያልቅም ወስዳችሁ አሰሟቸው። አንዲት እናት የኛን ስትሰማ «ፈጠነ፤ እንዲህ እየሮጡ አይፈጭም» አለችን። እውነቷን ነው። አሁን በወፍጮው ፍጥነት ነው የምንጫወተው።

ሁዳዴን በየዓመቱ ለዚህ ነው የምናውለው፤ መድረክ ስለሌለ ለመማር ጊዜ አለ። ዘንድሮ የያዝነው የውድማ ዘፈን ነው። ምቱ ችክችካ አይደለም፤ በበሬዎቹ እርምጃ የሚሄድ ነው፣ አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴ ይፈጥናል። ድራመራችን ከዚህ ዘፈን ላይ ልውጣ እያለ ነው። ጋሼ ደግሞ ይቆይና ሰፊውን ፊት ብቻ ይከተል ይላሉ። ገና አልተስማማንም። በሁለቱም መንገድ እየሞከርነው ነው፤ ከፋሲካ በኋላ መድረክ ላይ ስናወጣው መጥታችሁ የትኛው እንዳሸነፈ ስሙ።